ለገበያ የተለቀሙ 12 ዜማዎች

የዛሬው ርእሴ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ አንድ የእንግሊዝ ባንድ፣ አንድ ሸክላ፣ 12 ዜማ። ባንዱ ፍሊትውድ ማክ ነው። ሸክላው ብሉ ሆራይዘን የተባለው አሳታሚ በኦገስት 1969 ለገበያ ያቀረበው «ዘ ፓየስ በርድ ኦቭ ጉድ ኦመን» የተሰኘ ስብስብ ነው፤ ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ። ስሙ የተወሰደው ባለቅኔው ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ አልባትሮስ ስለገደለ አንድ መርከበኛ ከጻፈው ረጅም ግጥም የኅዳግ ማብራሪያ ሲሆን፣ በእኛ አነጋገር «ጻድቋ ገደኛ ወፍ» ብንለው ያስኬዳል። ከዚህ በኋላ ባጭሩ «ገደኛዋ ወፍ» እላታለሁ። በሽፋኑ ላይ አንዲት መነኩሲት ያንኑ ወፍ ይዛ ትታያለች፤ ቀልዱ ለእንግሊዞች ካልሆነ ለሌላው ብዙም የሚያስቅ አይደለም። ላስረዳችሁ የምሞክረው ነገር ይህ ነው፦ ባንዱ ከአሳታሚው ጋር ከተለያየ በኋላ ለትርፍ ተብሎ የተለቃቀመው ይህ ሸክላ፣ ባንዱ በዚያ ዘመን አስቦ ከሠራቸው አልበሞችም፣ ኋላ ከተጻፈለት ታሪክም በተሻለ የመጀመሪያ ዓመታቱን እውነት ይነግረናል።

ከመነሻው እንጀምር። ኦገስት 13 ቀን 1967 በዊንዘር የጃዝና የብሉዝ ፌስቲቫል ላይ አንድ አዲስ ባንድ መድረክ ወጣ። መሪው ፒተር ግሪን ገና 20 ዓመቱ ነበር፤ በምሥራቅ ለንደን ቤትናል ግሪን ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ፣ በጆን ሜይኦል «ብሉዝብሬከርስ» ውስጥ ኤሪክ ክላፕተን ጥሎት የሄደውን ቦታ ተክቶ ስም ያወጣ ጊታሪስት። ድራመሩ ሚክ ፍሊትውድም፣ ጥቂት ቆይቶ የተቀላቀለው ቤዝ ተጫዋች ጆን ማክቪም ከዚያው ከሜይኦል ዘንድ የወጡ ናቸው፤ ግሪን ባንዱን በራሱ ስም መጥራት ሲችል በእነርሱ ስም ሰየመው። ጄረሚ ስፔንሰር ደግሞ የአሜሪካዊውን የኤልሞር ጄምስን የስላይድ ጊታር አጨዋወት፣ ጣቱ ላይ ቱቦ አጥልቆ ክሩን እያንሸራተተ፣ ቁጭ አድርጎ የሚያመጣ ልጅ ነበር። አሳታሚያቸው ማይክ ቨርነን የነጋዴ ነፍስ ብቻ ያለው ሰው አልነበረም። ብሉ ሆራይዘንን ከማቋቋሙ በፊት ስለ ሪዝም ኤንድ ብሉዝ መጽሔት ያዘጋጅ የነበረ፣ ክላፕተን ከሜይኦል ጋር የሠራውን የ1966ቱን ዝነኛ አልበምም ለዴካ ኩባንያ ያዘጋጀ፣ የጥቁር አሜሪካውያንን ብሉዝ እንደ ሃይማኖት የያዘ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ግን በ1969 መጀመሪያ ከባንዱ ጋር የነበረው ውል ሳይታደስ ቀረና እጁ ላይ የነበረውን ወርቅ አጣ። ፍሊትውድ ማክ በኤፕሪል «ማን ኦቭ ዘ ወርልድ»ን ለሌላ አሳታሚ ሰጥቶ በእንግሊዝ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ወጣ፤ ቀጥሎም ወደ ሪፕሪዝ ኩባንያ ገብቶ በሴፕቴምበር «ዘን ፕሌይ ኦን» የተባለ አልበም አወጣ። ገደኛዋ ወፍ የወጣችው ከዚያ አልበም አንድ ወር ቀደም ብላ ነው። አሳታሚው በመጋዘኑ የቀረውን ጠራርጎ፣ የባንዱ ስም እንደጋለ ሊሸጠው ፈለገ፤ ዓላማው ግልጽ ነው፣ ማድበስበስም አያስፈልግም። ሁለት ዓመት የሞላው ባንድ «የመጀመሪያ ዘመን» ተብሎ የኋላ ታሪክ ሲሰበሰብለት ትንሽ ፈገግ ያሰኛል።

ይሁን እንጂ በዚያ መጋዘን ውስጥ ምን ነበር? እዚህ ላይ የእንግሊዝን የሸክላ ገበያ ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1960ዎቹ በእንግሊዝ በነጠላ የወጣን ዜማ ረጅሙ አልበም ላይ ደግሞ አለመጨመር የተለመደ ነበር፤ ገዢን ለአንድ ዘፈን ሁለት ጊዜ ማስከፈል እንደ ነውር ይቆጠር ነበርና። ስለዚህ አንድ ባንድ ሁለት ገጽታ ይኖረው ነበር፤ አንዱ በትንሹ ሸክላ፣ ሌላው በትልቁ። በፌብሩዋሪ 1968 የወጣው የፍሊትውድ ማክ የመጀመሪያ አልበም አራተኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። በኦገስት የተከተለው «ሚስተር ወንደርፉል» ግን እስከ ግትርነት የደረሰ የብሉዝ ታማኝነት የሚታይበት ነው። ድምፁ ሆን ተብሎ የሻከረ ነው። ከዘፈኖቹም አራቱ የሚከፈቱት በአንድና ያው ሐረግ፣ ኤልሞር ጄምስ ከሮበርት ጆንሰን የ1936 ቅጂ ወስዶ በስላይድ ባደመቀው ያ የሚንቀጠቀጥ መግቢያ ነው። አንዱን ሰምቶ የጨረሰ ሰው መርፌው ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስለዋል። ትልቆቹን ሁለት ሸክላዎች ብቻ የገዛ እንግሊዛዊ እንግዲህ ፍሊትውድ ማክን የሚያውቀው ጎበዝና ቅን ደቀ መዝሙር አድርጎ ነው። «ብላክ ማጂክ ዉማን»፣ «ኒድ ዩር ላቭ ሶ ባድ» እና «አልባትሮስ» በእነዚያ አልበሞች ውስጥ የሉም። በእንግሊዝ እነዚህን ሦስቱን በአንድ ትልቅ ሸክላ ላይ ያገናኘችው ገደኛዋ ወፍ ናት። አሜሪካኖቹ በጃንዋሪ 1969 «ኢንግሊሽ ሮዝ» የተባለ ሌላ ስብስብ ደርሷቸው ነበር፤ የዚያ ግን ግማሹ፣ ከ12ቱ ስድስቱ፣ ከ«ሚስተር ወንደርፉል» የተወሰደ ነው።

አሁን ሸክላውን ቀረብ ብለን እንመልከት። «ብላክ ማጂክ ዉማን» በማርች 1968 በነጠላ ሲወጣ ከ37ኛ ደረጃ አላለፈም። ብዙ ሰው የሚያውቀው በ1970 ሳንታና በተጫወተውና በአሜሪካ አራተኛ በደረሰው መልኩ ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ሲሰማ ጎደሎ ይመስለዋል፤ ኮንጋ የለ፣ ኦርጋን የለ። ጉድለቱ ግን ምንጩን ያሳየናል። ዘፈኑ የተቀዳው የቺካጎው ኦቲስ ረሽ በ1958 ካወጣው «ኦል ዩር ላቭ» ነው፤ ያው የሐዘን ስልት፣ ያው የላቲን ምት፣ መጨረሻ ላይ ምቱ ድንገት ተለውጦ ወደ ተራ የብሉዝ ሶምሶማ የሚገባበት ያው ዘዴ። የቤቱ ምሰሶና ማገር የረሽ ነው። ውስጡ የሚኖረው ግን ሌላ ሰው ነው። ግሪን ጊታሩን ሲመታ ኖታዎቹን ይቆጥባል፤ በሁለት ሐረግ መካከል የሚተወው ዝምታ ከሐረጎቹ እኩል ይናገራል። የ1959 ሌስ ፖል ጊታሩ ማግኔቱ ከተለመደው ተገልብጦ ስለነበር ሁለቱ ማንሻዎች አብረው ሲከፈቱ ድምፁ ይሳሳል፣ በአፍንጫ እንደሚዘፈን ይሆናል፤ ይህ ከኦቲስ ረሽ ያልመጣ ነገር ነው። «ኒድ ዩር ላቭ ሶ ባድ» ደግሞ ሊትል ዊሊ ጆን በ1955 የዘፈነው ነው። የግሪን ባንድ በጁላይ 1968 ሲያወጣው በፈረንሳይ ይኖር የነበረው አሜሪካዊ ጊታሪስት ሚኪ ቤከር የቫዮሊን ቅንብር ጻፈለት። ቫዮሊን በብሉዝ ላይ! በዚያ ዘመን ለነበሩት የብሉዝ ጥብቅና ቋሚዎች ይህ ከክህደት የሚቆጠር ነው፤ ጥብቅና ከሚቆሙት አንዱ ደግሞ አሳታሚው ራሱ ነበር።

«አልባትሮስ» የተቀዳው በ1968 መጸው ላይ፣ የ18 ዓመቱ ዳኒ ከርዋን ሦስተኛ ጊታሪስት ሆኖ ከገባ በኋላ ነው። ግጥም የለውም። ፍሊትውድ ድራሙን በዱላ ሳይሆን ጫፉ በተሸፈነ የቲምፓኒ መምቻ ይጎስመዋል፤ ቤዙ በአንድ ቦታ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ዜማው ባመዛኙ በሁለት ኮርዶች መካከል ብቻ ይመላለሳል፤ ከላይ ግሪንና ከርዋን ጎን ለጎን ይንሳፈፋሉ። ስፔንሰር በዚህ ቅጂ ላይ የለም። በ1969 መጀመሪያ በእንግሊዝ አንደኛ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ቢትልሶች በ«አቢ ሮድ» አልበማቸው ላይ «ሰን ኪንግ»ን ሲሠሩ ከእርሱ እንደተነሡ ጆርጅ ሃሪሰን ተናግሯል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ በገደኛዋ ወፍ የመጀመሪያ ገጽ መዝጊያ ላይ ስፔንሰር የኤልሞር ጄምስን «ዘ ሰን ኢዝ ሻይኒንግ» ይዘፍናል። ሸክላውን ስትገለብጡት የሚቀበላችሁ «አልባትሮስ» ነው። አንድ ባንድ፣ አንድ አሳታሚ፣ በሁለቱ ዜማዎች መካከል የአንድ እጅ እንቅስቃሴ።

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ነጥቤ እገባለሁ። ስለ እንግሊዝ የብሉዝ ባንዶች የተለመደው ታሪክ መሰላል ነው፦ ልጆቹ መጀመሪያ ጥቁር አሜሪካውያንን ይኮርጃሉ፣ ከዚያ ያድጋሉ፣ በመጨረሻ የራሳቸውን ድምፅ ያገኛሉ፤ ኩረጃው ከዚያ ወዲያ እንደ ሕፃን ልብስ ይጣላል። የመጀመሪያ ዓመታትን የሚሰበስቡ አልበሞች አብዛኞቹ ይህን መሰላል ለማሳየት በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረደራሉ። ገደኛዋ ወፍ ግን ቅደም ተከተል የላትም። የምትጀምረው በ1968 ክረምት ቫዮሊን ነው፤ የባንዱ የመጀመሪያ ነጠላ፣ በኖቬምበር 1967 የወጣው «አይ ቢሊቭ ማይ ታይም ኤይንት ሎንግ»፣ አምስተኛ ላይ ተወሽቋል። ተቺ ይህን ዝርክርክነት ሊለው ይችላል፤ ምናልባትም ነው። ቀኖቹን ስንመረምር ግን ዝርክርክነቱ ከመሰላሉ ይልቅ ለእውነት ቀርቦ እናገኘዋለን። «ብላክ ማጂክ ዉማን» የወጣው በማርች 1968 ነው፤ በአንድ መግቢያ አራት ዘፈን የሚከፍተው «ሚስተር ወንደርፉል» የተቀዳው ከዚያ በኋላ፣ በኤፕሪል ነው። ጃንዋሪ 1969 ላይ ይህ ይበልጥ ይጎላል። «አልባትሮስ» ወደ ሰንጠረዡ አናት በሚወጣበት በዚያው ወር ባንዱ ቺካጎ፣ ቼስ ስቱዲዮ ውስጥ ነበር፤ ከፒያኒስቱ ኦቲስ ስፓን፣ ከቤዝ ተጫዋቹ ዊሊ ዲክሰን፣ ከሃርሞኒካ ተጫዋቹ ዎልተር ሆርተን ጋር የድሮውን ብሉዝ በድሮው መንገድ ይጫወት ነበር። መሰላሉን ወጥቶ የጨረሰ ሰው እንዲህ ወደ ታችኛው እርከን አይሮጥም። መኮረጅና መፍጠር በዚያ ባንድ ውስጥ ተራ ይዘው የመጡ ደረጃዎች አልነበሩም፤ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ስቱዲዮ፣ አንዳንዴም በአንድ ዘፈን ውስጥ አብረው ይሠሩ ነበር። ከርዋን በ«አልባትሮስ» ጀርባ ላይ ያስቀመጠው «ጂግሶ ፐዝል ብሉዝ» እንኳ በ1930ዎቹ ቫዮሊኒስቱ ጆ ቬኑቲና ጊታሪስቱ ኤዲ ላንግ ከሠሩት የጃዝ ዜማ የተወሰደ ነው። የኩረጃ ዘመን አለፈ በተባለበት ነጠላ ሸክላ፣ ጀርባው ላይ ሌላ ውርስ አለ ማለት ነው።

አንድ ተቃውሞ ወዲያው ይነሣል፦ ይህን ሁሉ ያሰበው አሳታሚው አይደለም፣ እሱ ያሰበው ገንዘብ ነው፤ አንተ በአጋጣሚ ላይ ትርጉም ትጭናለህ። ግማሹን እቀበላለሁ። ቨርነን ከላይ የዘረዘርኩትን ሙግት ለማቅረብ ዘፈኖቹን እንደደረደረ የሚያሳይ ነገር የለም። አልበሙ ላይ «ሉኪንግ ፎር ሰምባዲ» እና «ከሚንግ ሆም» መጨመራቸውም፣ አንዱ ከመጀመሪያው አልበም ሌላው ከሁለተኛው ስለሆኑ፣ ቀድሞ የገዛውን ሰው ደግሞ ማስከፈል ነው፤ ቅድም የጠቀስኩት ልማድ እዚህ ላይ ተጥሷል። ነገር ግን የአንድን ሰነድ እውነትነት የምንመዝነው በሰብሳቢው ዓላማ ብቻ ከሆነ ከታሪክ ሰነዶች ስንቱ ይተርፈናል? የግብር መዝገብ የተጻፈው ግብር ለመሰብሰብ ነው፤ የታሪክ ምሁሩ ግን የገበሬውን ኑሮ ያነብበታል። እንዲያውም የራሱን ምስል የሚያሳምር ሠዓሊ የሚደብቀውን፣ ነጋዴ ሳያስበው ያጋልጠዋል። ባንዱ ራሱ በ1969 የመጀመሪያ ዘመኑን ይሰብስብ ቢባል ኖሮ በዚያን ጊዜ ዓይኑ ወደ «ዘን ፕሌይ ኦን» ረጃጅም ፍለጋዎች ዞሮ ነበርና የስፔንሰርን የኤልሞር ጄምስ ዘፈኖች ይጨምር ነበር ብዬ ለመገመት እቸገራለሁ፤ በዚያ አዲስ አልበም ላይ የስፔንሰር ድርሻ እጅግ ጥቂት ነውና። ነጋዴው ግን ያለውን ሁሉ አስገባ።

ያለውን ሁሉ በማስገባቱም ከሁሉ የሚከብደውን ጥያቄ ይዞብን መጣ። ከ12ቱ ሁለቱ፣ «ዘ ቢግ ቦት» እና «ጀስት ዘ ብሉዝ»፣ የፍሊትውድ ማክ ዘፈኖች አይደሉም። የሚዘፍነውና ፒያኖ የሚመታው በ1914 ሚሲሲፒ የተወለደው፣ በ1952 በ«ፋይቭ ሎንግ ይርስ» የታወቀው ኤዲ ቦይድ ነው፤ የግሪን ሰዎች ከኋላ ያጅቡታል። ጥያቄው ይህ ነው፦ እነዚህ ነጭ ወጣቶች የጥቁሮችን ዘፈን ይዘው ዝናና ገንዘብ ሲያገኙ፣ እንዲህ ያለ ስብስብ ያንን ወረራ ከማወደስ በቀር ምን ይሠራል? ጥያቄውን በቀላሉ የሚያልፍ ሰው ታሪኩን አያውቅም። ኤልሞር ጄምስ በ1963 ሞቷል። ሊትል ዊሊ ጆን የሞተው በሜይ 1968 በዋሽንግተን ግዛት እስር ቤት ውስጥ ነው፤ የእርሱን ዘፈን ፍሊትውድ ማክ በቫዮሊን አስውቦ ያወጣው ከሁለት ወር በኋላ። ቦይድ አሜሪካን ትቶ አውሮፓ መጣ፤ ኑሮውን ሄልሲንኪ አድርጎ በዚያው በ1994 አረፈ። የተከፋፈለውን ዝናና ገንዘብ አንድ ሸክላ አያስተካክለውም፤ አስተካከለ የሚልም የለም። እኔ የምለው ጠባብ ነገር ነው። ኋላ የባንዱን ታሪክ በግሪን ብቻ ከጻፉት ይልቅ ገደኛዋ ወፍ ዕዳውን አልደበቀችም። አድማጩ «አልባትሮስ»ንና «ብላክ ማጂክ ዉማን»ን ሰምቶ በእንግሊዛዊው ሊቅ ሲመሰጥ፣ ወዲያው ተከትሎ የሚመጣው የቦይድ ድምፅ ነው፤ ሊቁም ጊታሩን ይዞ ወደ አጃቢነት ይመለሳል። አሳታሚው ይህን ያደረገው ቦይድን ሊያከብር ይሁን ቦታ ሊሞላ፣ ጆሯችን የሚደርሰው አንድ ነው፤ ማን መምህር ማን ተማሪ እንደነበር።

ሌላው ተቃውሞ ስለ ኋላ ዕይታ ነው። ፍሊትውድ ማክ በ1977 «ሩመርስ» የተባለውን በዓለም ላይ እጅግ ከተሸጡት አንዱ የሆነ አልበም ባያወጣ ኖሮ ስለ መጀመሪያ ዓመታቱ ማን ይጠይቅ ነበር? ልክ ነው፤ ብዙ የ«መጀመሪያ ዘመን» ስብስቦች የሚሸጡት በኋላው ዝና ነው። በዚያ ላይ የሰዎቹ ዕጣ አለ። ግሪን በሜይ 1970 ባንዱን ትቶ ወጣ፣ በአእምሮ ሕመምም ለረጅም ዓመታት ተሰቃየ፤ ስፔንሰር በ1971 በሎስ አንጀለስ ጉዞ ላይ ሳሉ ተነጥሎ ወደ አንድ የሃይማኖት ቡድን ገባ፤ ከርዋን በ1972 ተባረረ። ስለዚህ ዛሬ የግሪንን ጊታር የሚሰማ ሰው በእያንዳንዱ ኖታ ውስጥ የሚመጣውን መከራ ይፈልጋል፤ ሐዘኑን ከሙዚቃው ሳይሆን ከሕይወት ታሪኩ አምጥቶ ያፈስበታል። ይህ ለሠሪው ደግነት የሚመስል ንፉግነት ነው፤ ሰውየው በችሎታው ያመጣውን ለሕመሙ ይሰጠዋልና። ገደኛዋ ወፍ ከዚህ ነፃ ናት። በኦገስት 1969 «ሩመርስ» የለም፣ ሕመሙም አልታወጀም። የሰበሰቡት ሰዎች እያዩ የነበሩት ገና የሚሮጥ ባንድ ነው። ክርስቲን ፐርፌክት እንኳ፣ ኋላ ክርስቲን ማክቪ ተብላ የባንዱ ዓምድ የሆነችው፣ በዚያን ጊዜ በ«ሚስተር ወንደርፉል» ላይ በእንግድነት ፒያኖ የመታች፣ ገና የባንዱ አባል ያልሆነች ሰው ነበረች።

በመጨረሻ የምሁራኑ ተቃውሞ አለ። በ1999 በብሉ ሆራይዘን የተቀዳው ሁሉ በስድስት ዲስክ ታትሟል፤ የተበላሹ ጅማሬዎች፣ የስቱዲዮ ጭውውት፣ አንዱ ዘፈን በብዙ ቅጂ። ይህ እያለ የ1969ኙ ጭማቂ ለምን? ለተመራማሪ ስድስቱ ዲስኮች የማይተኩ ናቸው። «ኒድ ዩር ላቭ ሶ ባድ» በአንድ ቀን እንዳልተገኘ፣ ግሪን ሐረጉን ስንት ጊዜ እንደሞከረ የሚሰማው እዚያ ነው። ነገር ግን ሁሉንም ማስቀመጥና ጎን ለጎን ማስቀመጥ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በስድስቱ ዲስክ ውስጥ የቺካጎው ቅጂ ለብቻው፣ «ሚስተር ወንደርፉል» ለብቻው ይሰለፋል፤ አድማጩ የደቀ መዝሙሩን ቀን ጨርሶ፣ በሌላ ቀን ወደ ፈጣሪው ይሄዳል። የሁለቱ ግጭት፣ ያ ሸክላ ሲገለበጥ የሚሰማው፣ በሰፊው መዝገብ ውስጥ ይረግባል። አዘጋጆቹም ይህን ሳይረዱት የቀሩ አይመስለኝም። ቴፑ ሁሉ እጃቸው ላይ ነበረ፤ ነጠላዎቹን በየቀናቸው በትነው አዲስ ቅደም ተከተል መሥራት ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ከስድስቱ ዲስኮች አንዱን ለብቻው ለይተው፣ ከ30 ዓመት በፊት ለገበያ የወጣውን ያንኑ ስም ሰጡት።